የአእምሮ ሕመምን በኮሜዲ ድራማ ፊልም ማሳየት፦ ከስክሪፕት እስከ ኤዲቲንግ፣ በአንድ የሐዋሳ ታሪክ

የአማርኛ ፊልም «እብድ»ን ሁላችንም እናውቀዋለን። የተቀዳደደ ካፖርት፣ የተንጨባረረ ጸጉር፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ። ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ሲጨነቁ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይልና አንድ እውነት ጮኾ ይሄዳል፤ አለዚያም መንገደኛ አባሮ አዳራሹን ያስቃል። ስም የለውም፣ እናት የለውም፣ ማታ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ የለም።

ይህ መመሪያ ለዚያ ሰው ስም፣ ቤትና ምኞት ሰጥቶ ተመልካቹን እያሳቀ ልቡን የሚነካ ፊልም ለመሥራት ለተነሣ ጸሐፊና ዳይሬክተር ነው። «የአእምሮ ሕመም እና ኮሜዲ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሕመሙ ያለበትን ቤት የሚያውቅ ግን ይህን አይጠይቅም። እዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ አለ፤ ታማሚው ራሱ ይቀልዳል፣ እናትየው ሳቋን ለመደበቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ ዘመድ የሚያመጣው ምክር ለብቻው ፊልም ይወጣዋል። ሳቅ የሌለበት ፊልም ያንን ቤት በግማሹ ነው የሚያሳየው። ዋናው ሥራ ሳቁ ከየት እንደሚነሣና በማን ላይ እንደሚያርፍ መወሰን ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንያዘው። ታምራት የሚባል የ29 ዓመት ወጣት ፈጥረናል እንበል። ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ ከእናቱ ከወይዘሮ አየለችና ከታናሽ እህቱ ጋር ይኖራል፤ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁ የራሱ አይደለም፣ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ሕመሙ ባይፖላር ነው፤ ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚነሣበት፣ አንዴ ደግሞ ድብርት ውስጥ የሚገባበት ሕመም።

ደረጃ 1፦ አንድ ሕመም ምረጡ፣ እሱንም እስከ ጥግ እወቁት

ብዙ ስክሪፕት ገና ከመነሻው የሚበላሸው ገጸ ባሕርዩን «የአእምሮ ሕመምተኛ» ብሎ ስለሚጀምር ነው። እንዲህ የሚባል አንድ ሕመም የለም። ድብርት አለ፣ የጭንቀት ሕመም አለ፣ ስኪዞፍሬኒያ አለ፣ ባይፖላር አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ምልክት፣ የራሱ ጊዜና የራሱ አካሄድ አለው። ከአንዱ ድምፅ መስማትን፣ ከሌላው ገንዘብ መበተንን፣ ከሦስተኛው ማልቀስን ሰብስቦ አንድ ሰው ላይ የጫነ ጸሐፊ ሰው ሳይሆን የምልክት ክምር ነው የፈጠረው።

በተለይ አንድ ስሕተት በጣም ተለምዷል፤ ስኪዞፍሬኒያን አንድ አካል ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ሰዎች አድርጎ መሣል። ሕመሙ እንዲህ አይደለም። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ያሳድደኛል ብሎ ማመን፣ የሐሳብ መያያዣ መጥፋት፣ ከሰው መራቅና ዝም ማለት ናቸው ዋነኞቹ መገለጫዎቹ። ጠዋት ደግ፣ ማታ ነፍሰ ገዳይ የሚሆን ሰው ከፊልም ቤት የወጣ ፈጠራ ነው።

ባይፖላር ለኮሜዲ ድራማ የሚመቸው ሕመሙ ራሱ ማኒያና ድብርት የሚባሉ ሁለት ምዕራፎች ስላሉት ነው። በማኒያው ወቅት ሰውየው ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያህል ከወትሮው ውጭ ይነሣሣል። ሦስት ሰዓት ተኝቶ ድካም አይሰማውም። ንግግሩ ይፈጥናል፣ አንዱን ሐሳብ ሳይጨርስ ሌላው ላይ ይዘላል፣ የማይችለው ነገር ያለ አይመስለው፣ ገንዘቡን ይበትናል። ጸሐፊዎች የሚረሱት አንድ ነገር ግን አለ፤ ማኒያ ደስታ ብቻ አይደለም። መንገዱን የዘጋበት ሰው ካለ ያ ደስተኛ ሰው በቅጽበት ቱግ ይላል። ድብርቱ ሲመጣ ደግሞ ለሳምንታት፣ ለወራትም ይቆያል፤ እንቅልፍ ይዛባል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ትናንት ደስ ያሰኝ የነበረው ሁሉ ጣዕም ያጣል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ደህና የሚሆንበት ረጅም ጊዜ አለ። ያንን ጊዜ ፊልማችሁ ውስጥ ካላስገባችሁ ተመልካቹ ታምራትን አያውቀውም፤ የሚያውቀው ሕመሙን ብቻ ይሆናል።

ድብርትን ስትጽፉ አገሩንም አስታውሱ። ታምራት ተነሥቶ «ድብርት ይዞኛል» አይልም። «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ከበደኝ»፣ «ሰውነቴ ዛለ» ይላል። ክሊኒክ ሄዶ የሚያማርረው ጨጓራውን ነው፤ ደሙ ተመርምሮ የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ይህን ትዕይንት ያየ ተመልካች በሙሉ ቤቱን ያስታውሳል፣ ይስቃልም፤ በታምራት ግን አይስቅም።

ደረጃ 2፦ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ

በአገራችን የአእምሮ ሕክምናውን ሸክም በብዛት የተሸከሙት የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ናቸው። አንድ ነርስ በአንድ ጠዋት የምታየው የሰው ዓይነት ለአሥር ስክሪፕት ይበቃል። ሐዋሳ ያለ ጸሐፊ ራቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ የከተማው ሰው ሪፈራል የሚለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። በደብዳቤ ፈቃድ ጠይቁ፣ ባለሙያውን ከሥራ ሰዓት ውጭ አግኙት፣ ለድካሙም ክፈሉት። ስለ አንድ ታካሚ እንዲያወራችሁ በጭራሽ አትጠይቁት። «ቤተሰብ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይላል? መድኃኒት የሚያቋርጡት በምን ምክንያት ነው? ፊልም ላይ ስታይ የምትናደደው በየትኛው ትዕይንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ሰዓት ታስወራለች።

ከሁሉ በላይ ግን ሕመሙን የኖረበትን ሰው አግኙ። ስክሪፕቱን አንብቦ አስተያየት እንዲሰጥ ጋብዙት፤ ታሪኩን እንዲሰጣችሁ አይደለም። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ታሪኩን ከወሰዳችሁ ዕዳ ገባችሁ፤ አንባቢ ካደረጋችሁት ግን የሥራ ባልደረባችሁ ሆነ፣ ስሙም ከፈለገ ከሠራተኞቹ ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

አንድ ነገር ደግሞ ከጥናት ልጥቀስ። ቡታጅራ ላይ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት የተዳሰሰበት ሰፊ ጥናት ተደርጎ ነበር፤ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ሆነው ከተገኙት ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ሕክምና አግኝተው አያውቁም። ለጸሐፊ ይህ ምን ማለት ነው? ታሪኩ ያለው እናት ጓዳ ውስጥ ነው፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ተብሎ ሬድዮ ከፍ በሚደረግበት ቤት። ሆስፒታሉ ከታሪኩ ውስጥ ዘግይቶ የሚመጣ ክፍል ነው።

ደረጃ 3፦ ሕመሙ ሳይመጣ በፊት ምን ይፈልግ ነበር?

ታምራት የራሱ ባጃጅ እንዲኖረው ይፈልጋል። ይህችን አንዲት ምኞት በሦስቱም ወቅቶች ይዛችሁ ሂዱ። ደህና ሲሆን ዕቁብ ይጥላል፣ በየሳምንቱ ሒሳቡን ይደምራል። ማኒያው ሲነሣ አንድ ባጃጅ ያንስበታል፤ ሐዋሳን የሚያዳርስ የባጃጅ ድርጅት ሊያቋቁም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ በየወዳጁ ስልክ ይደውላል። ድብርቱ ሲመጣ ደግሞ ምስማር ላይ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ለማንሣት እጁን መዘርጋት ያቅተዋል። ያው ሰው ነው፣ ያው ምኞት ነው። ተመልካቹ ቁልፉን ሲያይ የሕመሙን ስም ሳይሰማ ሁኔታው ይገባዋል።

ከዚህ ምኞት ውስጥ የፊልሙ ትልቁ የሳቅ ትዕይንት ይወጣል። ዕቁቡ ይደርሰዋል፤ ግን የደረሰው ማኒያው አናቱ ላይ በወጣ ሰሞን ነው። ገንዘቡን በላስቲክ ጠቅልሎ በጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ይወርዳል። ጀልባዎቹ ሲመጡ ቆሮሶውንም አምባዛውንም በጅምላ ይገዛል፣ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ለብለብና ሾርባ ያዝዛል። ሕፃናቱ ይከቡታል፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይከቡታል፤ ለአሞራዎቹም «እናንተም ድርሻ አላችሁ፣ የዕቁቡ አባል ናችሁ» እያለ ዓሣ ይወረውርላቸዋል። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ተመልካቹም ይሳቅ። ታምራት በዚያ ጠዋት በእውነት ደስ የሚል ሰው ነው፣ ደግነቱም የራሱ ነው፣ ሕመሙ የፈጠረው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ግን ሒሳቡ መምጣት አለበት። በሳምንቱ የዕቁቡ ዳኛ ቤት ይመጣሉ። አልተቆጡም። ቁጭ ብለው ቡና ጠጥተው፣ «እንግዲህ ልጃችን የቀሪውን ጊዜ እንዴት አድርጎ ነው የሚጥለው?» ብለው ቀስ አድርገው ይጠይቃሉ። እህቱ ለትምህርት ያስቀመጠችውን አውጥታ ትሰጣለች። በማኒያው ወቅት ያሳቀን እያንዳንዱ ነገር ኋላ ላይ የሚከፍለው ሰው ይኑረው፤ ያ ሰውም ስምና ፊት ያለው ይሁን። ይህን ካደረጋችሁ ኮሜዲውና ድራማው ከአንድ ግንድ የበቀሉ ይሆናሉ፤ ግማሹን አስቆ ግማሹን ለማስለቀስ የሚሞክር ፊልም አይሆንባችሁም።

ደረጃ 4፦ ሳቁን ከሚደብቁት ሰዎች አውጡት

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንድ ቤት ውስጥ የአእምሮ ሕመም ሲገባ ቤተሰቡ ወዲያው አንድ ሥራ ይጀምራል፤ መደበቅ። መደበቅ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የኮሜዲ እናት ነው። ውሸቱ ሌላ ውሸት ይወልዳል፣ ውሸቱን የሚያምን ሰው ከባሰ ችግር ጋር ይመጣል፣ እውነቱን የሚያውቅ ደግሞ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

ወይዘሮ አየለች ምን ብላ ትዋሻለች? ሐዋሳ ነውና «ወባ ነው» ትላለች። ወባ የማያውቅ ጎረቤት የለም፣ መድኃኒት የሌለውም ጎረቤት የለም። ትዕይንቱን እንዲህ ልንጽፈው እንችላለን። ታምራት ከመጋረጃ ጀርባ ግድግዳውን ዞሮ ተኝቷል። ሳሎን ውስጥ ቡና ተፈልቷል፣ ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል።

— የትኛው ወባ ነው የያዘው?
— ኧረ የተለመደው ነው።
— የተለመደው ወር ሙሉ ያስተኛል እንዴ አየሉ? ፌጦ በሎሚ ሰጥተሽዋል?
— ሰጥቼዋለሁ።
— ነጭ ሽንኩርት በማርስ?
— እሱንም።
— አጎበር የለውም ማለት ነው እንግዲህ!

ታምራት፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያነሣ፦
— አጎበር አለኝ እትዬ። ይቺኛዋ ግን ከውስጥ ናት የምትነክሰው።

ዝምታ። ወይዘሮ አየለች ጀበናውን ታነሣለች።
— አቦሉን ጠጡ እንጂ፣ ሳይቀዘቅዝ።

ይህ ትዕይንት የሚሠራበትን ምክንያት ልብ በሉ። ጎረቤቶቹ ክፉዎች አይደሉም፤ የሚያስቁን ከልባቸው ስለሚረዱ ነው። እናትየዋ ውሸታም አይደለችም፤ ልጇ ነገ ሚስት እንዲያገኝ፣ የባጃጁ ባለቤት ቁልፉን እንዳይነጥቀው እየተከላከለችለት ነው። በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ እውነቱን የተናገረው ደግሞ ታማሚው ነው፣ እሱም በቀልድ። ቀልዱ የራሱ ነው፣ የሳቀው ተመልካችም ከእሱ ጋር ነው የሳቀው። ውሸቱ ያስቃል፣ ግን ያው ውሸት ነው ታምራትን ከሕክምና ያስቀረው። ከዚህ በኋላ «ወባ» የምትለዋ ቃል በፊልሙ ውስጥ በተነሣች ቁጥር ሳቁ እያነሰ፣ ክብደቷ እየጨመረ ይሂድ፤ በሦስተኛው ጊዜ ማንም መሳቅ የለበትም።

ቀልዳችሁን የምትፈትኑበት አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሕመሙን ከትዕይንቱ አውጡና በቦታው ዕዳ አስገቡ። እናትየዋ የልጇን ዕዳ ለመደበቅ «ወባ ነው» ብትል ትዕይንቱ ያስቃል? ያስቃል። እንግዲያው ሳቁ የመጣው ከመደበቅ ነው። አሁን ደግሞ ሰውየው መንገድ ላይ ብቻውን እያወራ ሲሄድ ልጆች የሚስቁበትን ትዕይንት ውሰዱ። ሕመሙን ስታወጡት ምንም አይቀርም። ያ ቀልድ የቆመው ሕመሙ ላይ ስለሆነ ሰርዙት። ከዚህ ሕግ የሚተርፈው ታማሚው ስለ ራሱ ሕመም ራሱ የሚቀልደው ብቻ ነው፤ እሱ መብቱ ነው።

አለቃ ገብረ ሃናን ሰው እስከ ዛሬ የሚያስታውሳቸው በቀልዳቸው ነው። ቀልዱን የሚፈጥሩት እሳቸው ናቸው፣ ሹሙም ጌታውም ለምላሳቸው ይጠነቀቃል። ታምራትንም እንደዚያ አድርጋችሁ ጻፉት። ምላሱ ስለታም፣ ዓይኑ ፈጣን፣ የሰውን ግብዝነት ቶሎ የሚያይ። ግን ልብ በሉ፤ ይህ ብልኀት ደህና ሲሆንም አብሮት ይኑር። «ሲያብድ ጠቢብ ሆነ» የሚለው ነገር ቆርቆሮ ካንጠለጠለው ሰውዬ ጋር አብሮ ይቅር።

ደረጃ 5፦ ማን ምን ብሎ ይጠራዋል?

ይህን በአጭሩ ልለፈው። ስድብን ከስክሪፕት ሙሉ በሙሉ አታጽዱ፤ ሰው «ለቀቀ»፣ «ነካ አድርጎታል»፣ «ጨርቁን ጣለ» ይላል፣ ፊልሙም ሊል ይገባል። ግን ቃሉን የሚናገረው ማን እንደሆነ ምረጡ፣ ከተናገረም በኋላ ካሜራው ታምራት ላይ ወይም እህቱ ላይ ይመለስ። የነርሷ ቋንቋ ሌላ ይሁን፣ የዕቁቡ ዳኛ ሌላ፣ የባጃጅ ጓደኞቹ ሌላ። ሐዋሳ ደግሞ የአንድ ቋንቋ ከተማ አይደለችም፤ ሲዳምኛውም ወላይትኛውም መንገድ ላይ ይሰማ።

ደረጃ 6፦ ጸበልና ሆስፒታል

አብዛኛው የእኛ ቤተሰብ ከሆስፒታል በፊት ሌላ በር ያንኳኳል። ኦርቶዶክሱ ጸበል ይወስዳል፣ ሙስሊሙ ቁርኣን ያስቀራል፣ ጴንጤው ለጸሎት እጅ ያስጭናል። ሐዋሳ ላይ ሦስቱም በአንድ ሰፈር ይገኛሉ። ፊልሙ ይህን በር መሳቂያ ካደረገው ተመልካቹን ያስቀይማል፤ እኔም ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ወይዘሮ አየለች ታኅሣሥ 19 ቀን በገብርኤል ግቢ ከሕዝቡ መሐል ቆማ ስታለቅስ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትዋሽ የምታወራው እዚያ ነው። ታቦቱ ፊት ወባ አትልም።

ግጭቱ የሚነሣው ሰው «ወይ ጸበሉን ወይ መድኃኒቱን» ሲባል ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር ከቅርብ ታሪካችን አለ፤ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። ጸበል ቦታ ላይ ያለ አንድ አባት ገጸ ባሕርይ እናትየዋን «መድኃኒቱን አታስቁሚው ልጄ» ቢላት ከአገሩ የወጣ ነገር አይሆንም፣ ማንም ያልጠበቀው ድጋፍም ይሆናል። ሰንሰለት ካለ ደግሞ፣ በየቤቱም በየቦታውም እንዳለ እናውቃለን፣ ሳቁ እዚያ ይቁም። ማጀቢያ ሙዚቃውንም አጥፉት።

ስለ ሕክምናው ጥቂት ቁም ነገሮች። ለማረጋጋት የሚወጋ መርፌ ፊልም ላይ እንደምናየው ሰውን ወዲያው ዘጭ አያደርግም፤ እስኪሠራ ደቂቃዎች ይፈጃል። ለባይፖላር ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሊቲየም፣ ሶዲየም ቫልፕሮኤት፣ ካርባማዜፒንና ኦላንዛፒን ይገኙበታል። በአንድ ቀን አያድኑም፣ ዓመታት ሊወሰዱ ይችላሉ። ሊቲየምም ቫልፕሮኤትም እጅ ሊያንቀጠቅጡ ይችላሉ፤ ኦላንዛፒን ያወፍራል። እነዚህን በትንንሽ ነገሮች አሳዩ። ታምራት ወደ ሥራ ተመልሶ ለተሳፋሪ ዝርዝር ሲመልስ ሳንቲሞቹ መዳፉ ላይ ይንጫጫሉ፤ ተሳፋሪዋ እጁን ታያለች፣ እሱ ደግሞ እሷን ያያታል፣ ከዚያ «ሞተሩ ነው እህቴ፣ ገና አልበረደም» ይላታል። በዚህች አንዲት ንግግር ቀልዱም ሐፍረቱም አለ።

መድኃኒት ማቋረጡንም በትክክል ጻፉት። ሰው የሚያቋርጠው ዓመፀኛ ሆኖ አይደለም፤ ስለተሻለው፣ ስላወፈረው፣ ስላንቀላፋበት፣ ወይም ያንን የአሞራ ገደሉን ጠዋት ስለናፈቀ ነው። የመጨረሻው ምክንያት ለጸሐፊ ወርቅ ነው።

ደረጃ 7፦ ተዋናዩ

ተዋናዩን ሆስፒታል ወስዳችሁ የታካሚዎችን ዓይንና እጅ እንዲቀዳ አታድርጉት። ወረፋ የሚጠብቅ ሕመምተኛ የማንም መለማመጃ አይደለም። ልምምዱን ከፍላጎት አስጀምሩት፤ ማኒያ ላይ «ልናገረው ያለብኝ ነገር በጣም አስደናቂ ስለሆነ ትንፋሽ መውሰድ ጊዜ ማባከን ነው» ብሎ ይጫወት፤ ድብርት ላይ ደግሞ «መልስ መስጠት አለብኝ፣ ቃሉ ግን ሩቅ ነው» ብሎ። ፍጥነቱና ዝግታው ከዚህ በራሱ ይመጣል። የሚንቀጠቀጥ ከንፈር፣ የሚዞር ዓይን፣ ድንገተኛ ሳቅ የሚያበዛ ተዋናይ ካያችሁ መልሱት። ከአንድ ትልቅ ምልክት ይልቅ የተሳሳተ ቁልፍ የተቆለፈ ሸሚዝ ይበልጣል።

ኮሜዲያን መምረጥ ጥሩ ነው፣ ጊዜ አጠባበቁን ያውቃልና። ችግሩ ተመልካቹ ገና ፊቱን ሲያይ መሳቅ መጀመሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምናየው ደህና ሆኖ፣ ሥራው ላይ፣ ዝም ብሎ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ካሜራና ድምፅ

ማኒያውን ከውጭ ሆናችሁ ብቻ አትቅረጹት። ከውስጥ ሲታይ ዓለም ታምራለች፤ የሐይቁ ብርሃን ይበልጥ ያበራል፣ የማያውቀው ሰው ሁሉ ወዳጁ ነው፣ ሐሳቡ ከከተማው ይፈጥናል። ተመልካቹም በዚያ ፍጥነት ተወስዶ «እውነቱን ነው፣ ለምን አሥር ባጃጅ አይኖረውም?» እስኪል ድረስ አብሩት። ኤዲቲንጉ ይፍጠን፣ ከአንዱ ንግግር ወደ ሌላው ሳይታወቅ ይግባ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ የሹፌር ረዳት ጥሪና የቤተ ክርስቲያን ደወል አንዱ በሌላው ላይ ይደራረብ። ከዚያ ካሜራው በድንገት ወደ እህቱ ይዙር፤ ድምፁ ወደ ልኩ ይመለስ፤ የቆመችው ሌሊት ነው፣ እሱ ግቢ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ባጃጅ ያጥባል፣ ጎረቤት መስኮት ይከፍታል።

ድብርትን በግራጫ ቀለምና በዝናብ አታሳዩት። ሐዋሳ ፀሐይ ናት፤ ፀሐይዋን ተዉአት። ፍቅር ሐይቅ ዳር ሰው ይስቃል፣ ጥንዶች ፎቶ ይነሣሉ፣ ታምራት መሐላቸው ተቀምጧል። ድምፅን በመቀነስ ሥሩ። የአሞራ ገደሉን ጠዋት የሞላው ጫጫታ አንድ በአንድ ይውጣ፤ ልጆቹ፣ ጀልባው፣ ክንፉ። የምትቀረው የእናቱ ስልክ ጥሪ ብቻ ትሁን። የማስተጋቢያ ሹክሹክታና የአስፈሪ ፊልም ሙዚቃ የሕመሙን ነገር አያስረዱም፣ ተመልካቹንም ታማሚን እንዲፈራ ያስተምራሉ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ማንንም አይጎዱም፤ ጥቃት የሚደርስባቸው ይበዛሉ። የፊልሙን የመጨረሻ ክፍል ውጥረት ለማምጣት ታምራትን ቢላዋ አታስይዙት።

ራስን ማጥፋት ታሪኩ ውስጥ ካለ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለፊልምና ለመድረክ ባለሙያዎች ያወጣውን መመሪያ አንብቡ። ፍሬ ነገሩ ዘዴውን አለማሳየት፣ ቦታውን አለመጠቆም፣ ድርጊቱን እንደ መፍትሔ ወይም እንደ ጀግንነት አለማቅረብ፣ እርዳታ ጠይቆ ያለፈ ሰውን ማሳየት ነው። ለቀልድ ደግሞ በፍጹም አትንኩት።

ደረጃ 9፦ መንገድ ላይ ስትቀርጹ

አሞራ ገደልም ሆነ ፒያሳ ላይ ካሜራ ሲቆም ሰው ይሰበሰባል። የማኒያ ትዕይንት ስትቀርጹ ከዳር የቆመው ሰው የሚያየው ካሜራውን ሳይሆን «አብዶ» የሚጮኽ ሰው ነው፤ ስልኩን አውጥቶም ይቀርጻል። ስለዚህ ከባድ ትዕይንቶችን ማልዳችሁ፣ አካባቢውን አስቀድማችሁ አሳውቃችሁ፣ በራሳችሁ ተዋንያን ከበብ አድርጋችሁ ሥሩ። በዚያ መንገድ የሚያልፍ እውነተኛ ታማሚ ቢኖር ካሜራውን አውርዱ። «ትዕይንቱን ያሳምራል» ብሎ የሱን ምስል ማስገባት ነውር ነው፤ ሕግም ይከለክላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይደነግጋል።

ደረጃ 10፦ መጨረሻውና የሙከራ እይታው

ታምራትን በሠርግ አታድኑት። የፍቅር ጓደኛው አቅፋው ዳነ፣ አባቱ ከውጭ መጥቶ ዳነ፣ አንድ ስብከት ሰምቶ ዳነ የሚሉትን ሁሉ ተዉ። ሞቶ ለሌላው ትምህርት እንዲሆንም አታድርጉት። ከሕመሙ ጋር መኖር ምን እንደሚመስል አሳዩ፤ ምናልባት አንድ ጎረቤት በቡና ሰዓት «ወባው ተሻለው?» ብላ ትጠይቃለች፣ ወይዘሮ አየለችም ለመጀመሪያ ጊዜ የሕመሙን ስም ትጠራለች፣ ጎረቤቲቱ ትንሽ ዝም ብላ «የእኔም ወንድም…» ብላ ትጀምራለች። ከምወዳቸው መጨረሻዎች አንዱ ይህ ነው፣ ምክንያቱም ፊልሙ ሙሉ ያሳቀን ውሸት ነው የፈረሰው።

የመጀመሪያው ቅጂ እንዳለቀ ሐዋሳ ላይ አንድ አዳራሽ ወይም የኮሌጅ ክፍል ፈልጋችሁ ከሠላሳ እስከ አርባ ሰው አሳዩት። የባጃጅ ሹፌሮችን ጥሩ፣ እናቶችን ጥሩ፣ ያቺን ነርስና ስክሪፕቱን ያነበበላችሁን ሰውም ጥሩ። እናንተ ፊልሙን አትዩ፤ ጎን ላይ ተቀምጣችሁ የሰዉን ፊት ተመልከቱ፣ በተሳቀ ቁጥር ደቂቃውን ጻፉ። በኋላ ከኤዲተሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ሳቅ «በማን ነው የተሳቀው?» እያላችሁ እለፉት። ታምራት ንግግሩን ሳይጀምር፣ ገና በሁኔታው ብቻ የተሳቀበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ሥራ አለ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ትንሽ ነው፤ ካሜራው ከሱ ፊት ከመነሣቱ በፊት ሁለት ሰከንድ መጨመር፣ ወይም የሳቀውን ገጸ ባሕርይ ምስል አውጥቶ የእህቱን ማስገባት። ካስተካከላችሁ በኋላ ያንኑ ትዕይንት ፊልሙን ላላዩ ሌሎች ሰዎች አሳዩት፣ ደቂቃውንም እንደገና ጻፉ።